የናኖ ሰከንድ ዕቁብ፦ ቅጽበትን በራጅ ለማየት ምን ያህል ፍጥነት ይበቃል?

ገላን ላይ፣ ከአዳማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ነጭ ቦሎቄ ለውጭ ገበያ የሚያዘጋጅ መጋዘን አለ። እህሉ በወንፊት ይነፋል፣ በአየር ይበጠራል፣ በቀለም በሚለይ ማሽን ያልፋል፤ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች በእጃቸው ይለቅሙታል። የመጋዘኑ ባለቤት ከጠረጴዛው አንድ እፍኝ አንስተው መዳፌ ላይ አፈሰሱና «በል ኢንጂነር፣ ጠጠሩን አውጣልኝ» አሉኝ። አገላበጥኩት። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ሞላላ፣ ሁሉም በአቧራ የደበዘዘ። ጠጠሩን ያገኘሁት በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀዘቅዛል።

በቀለም የሚለየው ማሽን ጣት የለውም። እኔ ያላየሁትን እሱም አያይም። ራጅ ግን ቀለም አያውቅም። ድንጋይ ከቦሎቄ ሁለት እጥፍ ገደማ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የተሠራባቸውም ንጥረ ነገሮች ጨረርን የበለጠ ይውጣሉ፤ ስለዚህ ጠጠሩ በምስሉ ላይ ተለይቶ ይወጣል። ባለቤቱ ይህን ቀድመው አጥንተውታል። ስልካቸውን አወጡና የአንድ አስመጪ ማስታወቂያ አሳዩኝ፤ በ60 ናኖ ሰከንድ ምት፣ ማለትም በ60 ቢሊዮንኛ ሰከንድ የጨረር ብልጭታ የሚሠራ የራጅ ማሽን ነው። «በአየር ላይ ያለ ጥይት ቀጥ አድርጎ ያሳያል ይላል። ጥይት ያቆመ ቦሎቄ ያቅተዋል?»

አያቅተውም። ማሽኑ ቦሎቄውን አጥርቶ ያየዋል፤ ከዚያም የጠዋቱ የሻይ ዕረፍት ሳይደርስ ይሞታል። ምክንያቱን እዚያው ጠረጴዛ ዳር ቆሜ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም። ጥያቄው ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከቃሊቲ እስከ ዱከም፣ ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ የተተከሉ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ሳይከፍቱ ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ፤ የሚቀርብላቸው ማስታወቂያ ሁሉ ደግሞ «ፈጣን» የሚለውን ቃል እንደ ቅመም ይነሰንስበታል። ፍጥነት ዋጋ አለው። ዋጋውን የሚከፍለውም የማሽኑ ነዳፊ ነው፤ በመዳብ፣ በዘይት፣ በጋዝና በተንግስተን።

ስሌቱን ከእህሉ እንጀምር። የሚንቀሳቀስ ነገር ፎቶ ሲነሳ የሚደበዝዘው ጨረሩ በበራበት ጊዜ ውስጥ በተጓዘው ርቀት ልክ ነው። ከማበጠሪያው አሸንዳ የሚወርድ ቦሎቄ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ይጓዛል እንበል። ጨረሩ ለአንድ ሚሊ ሰከንድ ቢበራ ብዥታው 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፍሬው ግማሽ ወርድ ማለት ነው፤ ጠጠርና ቦሎቄ ይምታታሉ። ወደ 100 ማይክሮ ሰከንድ (100 ሚሊዮንኛ ሰከንድ) ብናወርደው ብዥታው 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ለጠጠር ለቀማ ከበቂ በላይ ነው። በ60 ናኖ ሰከንድ ቢሆንስ? ቦሎቄው ከአንድ ባክቴሪያ ርዝመት ያነሰ ይንቀሳቀሳል። ባክቴሪያውን የሚያይ ካሜራ ግን መጋዘኑ ውስጥ የለም።

ጥይት ላይ ስሌቱ ይገለበጣል። በሰከንድ 800 ሜትር የሚበር ጥይት በአንድ ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 80 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ምስሉ ጥይት ሳይሆን ጭረት ነው። በአንድ ማይክሮ ሰከንድም 0.8 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። በ60 ናኖ ሰከንድ ግን የሚሸሸው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ናኖ ሰከንድ የተፈለሰፈችው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ መኪና ኖዝል ሲፈተሽ መካኒኩ የሚያየው የጭጋግ ኮን ነው፤ ነዳጁ ከቀዳዳው እንደወጣ ምን እንደሚሆን ግን ጭጋጉ ራሱ ይጋርደዋል፤ በክረምት ጠዋት የእንጦጦን ዛፎች ጉም እንደሚጋርዳቸው። ብርሃን በጠብታዎቹ ይበተናል፣ ራጅ ግን ሰንጥቆ ያልፋል። ነዳጁ በሰከንድ 400 ሜትር ቢወነጨፍና የሚሊ ሜትርን አንድ መቶኛ ለይቶ ማየት ቢያስፈልግ ምቱ ከ25 ናኖ ሰከንድ መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ ማስታወቂያው አይዋሽም።

ታሪኩ በሩቁ ከእኛ ጋር ይገናኛል። ቪልሄልም ረንትገን ጨረሩን ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1896፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም ኔፕልስ ሆስፒታል ውስጥ ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ክንድ በአዲሱ ጨረር አየና የተቀበሩትን ጥይቶች አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነው፤ ዓድዋ ላይ የተተኮሰ ጥይት ሳይሆን አይቀርም በሳይንስ መሣሪያ የተፈለገው። ቃሉንም ያገኘነው ከዚያው ወገን ነው፤ ጣሊያኖች ጨረርን «ራጂ» ይሉታል። ያ ጥይት ግን ሥጋ ውስጥ የተኛ ጥይት ነበር። የረንትገን ሚስት እጅ ምስል ሩብ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው፤ በራሪ ጥይትን በዚያ ማየት አይታሰብም። በራሪውን ለማየት እስከ 1938 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት በጀርመን ማክስ ሽቴንቤክ፣ በአሜሪካ ደግሞ ኪንግደንና ታኒስ፣ በየፊናቸው ከማይክሮ ሰከንድ ጋር የሚቀራረብ የራጅ ምት አወጡ።

ለምን 40 ዓመት ፈጀ?

ጥቂት በጥቂት ጥሎ በአንዴ ማንሳት

ምስል የሚሠራው በጨረር ቅንጣት ብዛት ነው። እያንዳንዱ የምስል ነጥብ ላይ 100 ቅንጣት ብቻ ቢያርፍ ምስሉ በ10 ከመቶ ይዋዥቃል፤ ወደ 1 ከመቶ ለማውረድ 10,000 ቅንጣት ያስፈልጋል። ጊዜውን በሺህ ስናሳጥር ቅንጣቶቹ አብረው በሺህ ይቀንሱብናል። ስለዚህ የቆረጥነውን ጊዜ በኃይል መካስ አለብን። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አንድ የተለመደ የራጅ ማሽን በ5 ሚሊ አምፒር ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይሠራል እንበል። ያንኑ የቻርጅ መጠን በ50 ናኖ ሰከንድ ውስጥ አሳልፍ ቢባል 10,000 አምፒር ያስፈልጋል።

ይህን ከግድግዳ ሶኬት ማንም አያገኝም፤ ማታ ማታ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ በሚፈዝበት የከተማ ዳርቻ ደግሞ ጭራሽ። መፍትሔው ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጣላል፣ ዕጣው የወጣለት ሁሉንም በአንድ ቀን ያነሳል። ካፓሲተር የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከባትሪ ቀስ እያለ ይሰበስባል፣ ቀኑ ሲደርስ በአንድ ብልጭታ ይከፍላል። ልዩነቱ፣ በዚህ ዕቁብ ዕጣው ሁልጊዜ ለራጅ ቱቦው ይወጣል።

ዕቁቡን ወደ ትልቅ ቮልቴጅ የሚለውጠው ዘዴ የኤርቪን ማርክስ ነው፤ ጀርመናዊው ይህንን ያቀረበው በ1924 ገደማ ነበር። አሥር ጀሪካን በአንድ ቧንቧ ሥር ጎን ለጎን ደርድሮ መሙላትን አስቡ፤ ለመሙላት ዝቅተኛ ግፊት ይበቃል። ሲሞሉ ግን አንዱን በሌላው ላይ ብንቆልላቸውና የላይኛውን ሥር ከታችኛው አፍ ጋር ብናገናኝ ከታች ያለው ግፊት አሥር እጥፍ ይሆናል። ማርክስ ካፓሲተሮቹን ጎን ለጎን አስሮ በተከላካይ (ሬዚስተር) በኩል ይሞላቸዋል፤ ከዚያ በመካከላቸው ያሉት የብልጭታ ክፍተቶች ሲዘሉ ሁሉም በቅጽበት ተቀጣጥለው አንድ ረጅም ሰልፍ ይሆናሉ። መቀያየሪያ ማብሪያ የለም። የመጀመሪያው ክፍተት ሲበርቅ ሁለተኛው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከአቅሙ በላይ ይሆንና እሱም ይበርቃል፣ ከዚያ ሦስተኛው።

አሥር ካፓሲተሮች፣ እያንዳንዳቸው 2.2 ናኖ ፋራድ፣ እያንዳንዳቸው በ30 ኪሎ ቮልት ተሞልተው ቢሰለፉ 300 ኪሎ ቮልት ይሰጣሉ። በውስጣቸው የተጠራቀመው ጉልበት ወደ 10 ጁል ነው። 10 ጁል ማለት አንድ ኪሎ ስኳር ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው፤ ሕፃን ልጅ የሚችለው ሥራ። ነገር ግን ይህ ጉልበት በ50 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ሲፈስ ኃይሉ በአማካይ 200 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ነው፣ ስለዚህ ከአራት ቆቃ ይበልጣል። ለዚያች ቅጽበት ብቻ።

ይህን ስሌት ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ፣ ሁሉም የሚገረመው በ200 ሜጋ ዋቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ 10 ጁሉ ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሞተር ብስክሌት ባትሪ 300,000 ጁል ያህል ይይዛል፤ የመንገዱን ብክነት ባናስበው 30,000 ምት ማለት ነው። የፈንጂ አምካኝ ቡድኖች የሚይዟቸው ተንቀሳቃሽ የራጅ ምት አመንጪዎች በገመድ አልባ መሰርሰሪያ ባትሪ የሚሠሩትም ለዚህ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለመኖር የተፈጠረ ማሽን ቢኖር ይህ ነው፤ መስመሩ ሲጠፋም ሲዋዥቅም ደንታ የለውም።

ኃይሉ ተገኘ፤ አሁን ተቀባዩ ይምጣ። የሆስፒታል ራጅ ቱቦ ኤሌክትሮን የሚያፈልቀው ከጋለ ሽቦ ነው፤ ጋለም ቀዘቀዘም በሺህ የሚቆጠር አምፒር ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ የፍጥነት ቱቦ ሽቦውን ትቶ በቀዝቃዛ ሹል ብረት ይሠራል። ሹል ጫፍ ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ እጅግ ይበረታና ኤሌክትሮኖች ከብረቱ ይነጠቃሉ፤ ጫፎቹ ራሳቸው ከሙቀቱ ብዛት ይፈነዱና ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ ይሆናሉ፤ ከዚያ ፕላዝማ የፈለገውን ያህል አምፒር መቅዳት ይቻላል። ጣጣው ፕላዝማው አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው። በማይክሮ ሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እየሰፋ ኤሌክትሮኖቹ ተጋጭተው ራጅ ወደሚያወጡበት ብረት፣ ወደ አኖዱ ይገሰግሳል፤ የአንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት በግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ይሞላና ቱቦው ራሱን በራሱ ያጋጫል። በ50 ናኖ ሰከንድ ግን የሚሄደው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የእንዲህ ያለ ቱቦ ምት አጭር የሆነው ነዳፊው ስለወደደ ብቻ አይደለም፤ ረዘም ቢል ቱቦው እምቢ ይላል።

በሌላው ጫፍ ያለው የተንግስተን አኖድም ዕዳ ይከፍላል። በ100 ኪሎ ቮልት ከኤሌክትሮኖቹ ጉልበት 1 ከመቶ እንኳ ራጅ አይሆንም፤ በ300 ትንሽ ይሻላል፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ከብረት ሁሉ እሱን የሚተካከል የለም። ያም ሆኖ ግን 10 ጁል ሚሊ ሜትር በማትሞላ ነጥብ ላይ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ካረፈ ሙቀቱ የሚሸሽበት ጊዜ ስለሌለ ገጹ ይተናል። ነጥቡን ካሰፋነው ደግሞ ምስሉ በጥላ ዳር ይደበዝዛል። ነዳፊዎች አኖዱን እንደ እርሳስ ጫፍ ሾጣጣ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ በሾጣጣው ጎን ላይ ተዘርግተው ያርፋሉ፣ ከፊት ለሚያየው ግን ነጥቡ ትንሽ ይመስላል። ቢሆንም በእያንዳንዱ ምት ጥቂት ይላጣል። የዚህ ቱቦ ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ሳይሆን በምት ነው።

በመካከል ሽቦ አለ፤ ሽቦም ንጹሕ አይደለም። አንድ ሜትር ሽቦ ወደ አንድ ማይክሮ ሄንሪ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ድንገተኛ ለውጥ የሚቃወም ባሕርይ አለው። ከላይ ባየነው ዕቁብ 1,300 አምፒር ያህል ይፈሳል፤ ይህ በ10 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ይነሳ ብንል ያቺ አንድ ሜትር ሽቦ ብቻዋን 130 ኪሎ ቮልት ትውጣለች። ከ300ው ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ «ሽቦውን ትንሽ አስረዝመው፣ በኋላ ይጠቅማል» ሲል ሰምቼ እስማማለሁ፤ እዚህ ቤት ግን እያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ትቆጠራለች። ሁሉም ነገር ተጣብቆ፣ ተጠጋግቶ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ቱቦ ገብቶ መሠራት አለበት።

መጠጋጋት ደግሞ የባሰውን ጠላት ይጠራል።

ሱሉልታ ላይ አየር ይሳሳል

ወዳጄ ሱሉልታ ውስጥ የተከራያት መጋዘን ለወተት ላሞች መኖ ማስቀመጫ ተብላ የተሠራች ናት። እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሜዳው ሲወረድ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ በበሩ ሥር የሚገባ ብርድ። እዚያ ባለ አምስት ደረጃ የማርክስ አመንጪ ሠርቷል፤ የራጅ ቱቦ ሳይኖረው፣ በቱቦው ፈንታ ተከላካይ ታስሮበት፤ ማለትም ብልጭታ እንጂ ጨረር የለውም። ንድፉን የቀዳው ከአንድ የውጭ አገር ጽሑፍ ነው፤ ርቀቶቹን ሁሉ በካሊፐር ለክቶ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳያዛንፍ።

የሄድኩበት ቀን ማታ ላይ ነበር። መብራቱን አጠፋና ሙሌቱን ጀመረ። በየመጋጠሚያው ወይን ጠጅ የመሰለች ደብዛዛ ነበልባል መታየት ጀመረች፤ ሲ የሚል ድምፅ አለ፣ እንደ ቡና ቆሎ ሽታ ሳይሆን እንደ ነጎድጓድ ማግስት ያለ የኦዞን ሽታ። ከዚያ ጓ! ድምፁ ከቆርቆሮው ጋር ሲጋጭ ጥይት ነው የሚመስለው፤ የጎረቤት ውሻ ሁሉ ተነሳ። ብልጭታው ግን በክፍተቶቹ አልዘለለም። ከሁለተኛው ካፓሲተር ራስ ተነስቶ በፕላስቲኩ ገጽ ላይ እየተሳበ ወደ መሬት ሽቦ ወርዷል። ፕላስቲኩ ላይ የዛፍ ሥር የመሰለ ጥቁር መንገድ ተቀርጿል። አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር ራሱን አጥፍቶ እንደገና እየተነሳ ነበር።

«ሦስተኛዬ ነው» አለኝ። «ሳጥኑን አጥቤዋለሁ፣ ጠርዙን አለስልሻለሁ። ንድፉ ላይ የጎደለ ነገር የለም።»

በንድፉ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የጎደለው አየር ነው። ንድፉ የተሠራው ባሕር ጠረፍ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ነው። የባሕር ወለል አየር በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ኪሎ ቮልት ያህል ይችላል የሚባለው በዚያ ግፊት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 73 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህ መጠን አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚሮጥበት ርቀት ይረዝማል፣ ጉልበት ይሰበስባል፣ ቀድሞ ያቀጣጥላል፤ ስለዚህ የሚችለው ቮልቴጅም ወደ 2.2 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት 14 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባዋል። የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚተከል ዕቃ የርቀት ማስተካከያ የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ አገር ደግሞ 1,000 ሜትር ማለት ቆላ ነው።

ክፍተቱን ማስፋት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስናሰፋ ሽቦው ይረዝማል፣ ሽቦው ሲረዝም ምቱ ይለግማል፤ ቅድም ያልነው የ130 ኪሎ ቮልት ዕዳ ይመጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ነዳፊ ክፍት አየርን ትቶ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ቢገባ ይሻለዋል፤ የትራንስፎርመር ዘይት፣ ወይም ግፊት የተሰጠው ደረቅ ናይትሮጅን። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ከአየር ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይችላል፤ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ከ20,000 እጥፍ በላይ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው፣ ለአንድ መኖ መጋዘን አልመክረውም።

በታሸገ ዕቃም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለ፣ ወዳጄም ወድቆበታል። የግፊት መለኪያ ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ንድፉ «የብልጭታ ክፍተቱን በ1 ባር ሙላ» ካለ (1 ባር የባሕር ወለል አየር ግፊት ያህል ነው)፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለው ሰው በውስጡ ያለው እውነተኛ ግፊት 2 ባር ነው። ሱሉልታ ላይ ጌጁ ያንኑ 1 ያነባል፤ በውስጡ ያለው ግን 1.73 ያህል ነው። 14 ከመቶ ገደማ ጎድሏል። ክፍተቱ ከታሰበበት ቀድሞ ይበርቃል፣ ዕቁቡ ሳይሞላ ዕጣ ይወጣል፣ ምቱም ደካማና ጊዜው የማይታወቅ ይሆናል። ጌጁ ግን ትክክል ነው ይላል። ማንም ያልዋሸበት ስሕተት ከሁሉ ይከፋል፤ ተጠያቂ ስለሌለው ሰው ራሱን ይጠራጠራል።

ከዚህ ላይ አቧራውን ጨምሩበት። ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ያለ መጋዘን ውስጥ ያለ ፕላስቲክ በሳምንቱ ቀጭን የአፈር ልብስ ይለብሳል፤ ጠዋት ብርዱ ሲለቅ ጤዛ ያርፍበታል፤ እርጥብ አፈር ደግሞ ሽቦ ነው። በበጋ የሚሠራ ማሽን ሐምሌ ላይ የሚያኮርፈው ለዚህ ነው።

ቅጽበቱን መያዝ

ጨረሩ ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ከሚታሰበው ይቀላል። ብዙ ሰው ፈጣን ምስል ፈጣን ካሜራ የሚፈልግ ይመስለዋል። አንድ ምስል ብቻ ከተፈለገ አይፈልግም። ጨለማ ክፍል ውስጥ የካሜራው ዓይን ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፤ ጨረሩ በራ ጠፋ፤ ምስሉ ያችን 50 ናኖ ሰከንድ ብቻ ይይዛል። መዝጊያው ጨረሩ ራሱ ነው። ራጁን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ሰሌዳ ቀስ ብሎ ቢያበራም ችግር የለም፤ ነገሩ ከሄደ በኋላ የሚበራው የጥላው ትዝታ ነውና።

ፊልም ከተፈለገ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሆስፒታል የተለመደው ጋዶሊኒየም ያለበት ሰሌዳ ለመጥፋት ወደ ሚሊ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ምስል በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። በ40 ናኖ ሰከንድ ገደማ የሚጠፉ ሉቴቲየም ያለባቸው ክሪስታሎች አሉ፣ ውድ ናቸው። አመንጪውም ደጋግሞ መምታት አለበት፤ አሜሪካ ሎስ አላሞስ ያለው ግዙፍ ማሽን በአንዱ ክንዱ የሚሰጠው አራት ምት ብቻ ነው፣ ለዚያም አንድ ሕንጻ ሙሉ ማፋጠኛ አስፈልጎታል።

ከካሜራው ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱን መግጠም ነው። ጥይት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ አመንጪው ትእዛዝ ከተሰጠው በኋላ ሁልጊዜ እኩል ሳይዘገይ አንዴ ፈጥኖ አንዴ ዘግይቶ ቢተኩስ ምስሉ ባዶ ሜዳ ይሆናል። ሱሉልታ ላይ ያየሁት ኮምፒውተር ደግሞ ሌላውን ጣጣ ያሳያል፤ ብልጭታው ራሱ የሬዲዮ ማዕበል ይረጫል፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያሳብዳል። ትእዛዙ በብርሃን ገመድ እንጂ በመዳብ ባይሄድ፣ ኮምፒውተሩም በብረት ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ገላን እንመለስ። ባለቤቱ በደቂቃ የሚወርደውን እህል አንዲትም ሳትቀር ማየት ይፈልጋሉ። በሰከንድ 3 ሜትር ለሚወርድ እህል፣ ምስሉ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሸፍን ከሆነ፣ በሰከንድ 30 ምት ያስፈልጋል። የፍጥነት ቱቦው 50,000 ምት ይችላል ብንል እንኳ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በፊት በሙቀት ቆሞ ካልጠበቀ ማለቴ ነው፤ እነዚህ ተንቀሳቃሽ ማሽኖች የተሠሩት ጥቂት ምት ተኩሰው እንዲያርፉ ነው። የማይታክተው ዕቁብ የለም።

ለቦሎቄ የሚበቃው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ከ50 እስከ 60 ኪሎ ቮልት ያለው የተለመደ ቱቦ፣ ያለማቋረጥ የሚበራ፣ ከሥሩም መስመር በመስመር የሚያነብ ሰሌዳ። እያንዳንዱን መስመር በ300 ማይክሮ ሰከንድ ቢያነብ እህሉ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው፤ ለጠጠር ይበቃል። ምቱ ያለው ጨረሩ ላይ ሳይሆን ንባቡ ላይ ነው። ሙሉ ምስል ካስፈለገም፣ ቱቦው ውስጥ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ፍርግርግ ኤሌክትሮኖቹን ለ100 ማይክሮ ሰከንድ መልቀቅ ይቻላል፤ የሚፈነዳ ሹል ብረት የለም፣ የሚተን አኖድ የለም። ይህን በስልክ ስነግራቸው ባለቤቱ ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ጥይቱን ለምን አሳዩኝ?» አሉ። ቦሎቄ ቢያሳዩ ማን ያያል ብዬ አሰብኩ፤ አልተናገርኩትም።

የሱሉልታው ግን የናኖ ሰከንድ ሰው ነው፤ የሚመኘው ኖዝሉን ነው። ቮልቴጁን ከ300 ኪሎ ቮልት በላይ የመጎተት ሐሳብም የለውም፤ ጥሩ ያደርጋል። ከ500 ኪሎ ቮልት ጀምሮ ያሉ ብዙ የፍጥነት ራጅ አመንጪዎች የኑክሌር ዕቃ አቅራቢ አገሮች በሚቆጣጠሩት ዝርዝር ውስጥ ስለሚገቡ ዕቃውን መግዛት ራሱ ሌላ ታሪክ ይሆናል። እዚሁ አገር ውስጥም ጨረር የሚያወጣ ማንኛውም መሣሪያ የኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚጋርድ፣ ማን የት እንደሚቆም፣ መለኪያው በማን አንገት ላይ እንደሚንጠለጠል ተጽፎ ይቀርባል። የመኖ መጋዘን ቆርቆሮ ራጅ አይጋርድም፣ ጎረቤት ደግሞ ልጆች አሉት።

ባለፈው ስሄድ ካፓሲተሮቹን ዘይት ውስጥ አስገብቷቸዋል። ጌጁ ላይ በማርከር 1.27 የምትል መስመር አስምሯል፤ እዚያ ሲደርስ ነው ውስጡ እውነተኛው 2 ባር የሚሆነው። መተኮስ ሲጀምር ድምፁ ታፍኖ ደረቅ ጭብጨባ ብቻ ሆነ፣ ውሾቹም ዝም አሉ። የራጅ ቱቦው ከእነ ካርቶኑ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ፕላስተሩ አልተቀደደም፤ በላዩ ላይ የፈቃድ ማመልከቻው ቅጂ ተቀምጧል። በሩ አጠገብ፣ የእንጨት እጀታ ያላት፣ ጫፏ መዳብ የሆነች ዘንግ ተሰቅላለች። ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ማንም እጁን ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዱን ካፓሲተር በእርሷ ይነካል። አንዴ ነክቶ አይበቃውም፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይነካል። በሁለተኛው ጊዜም ትንሽ ብልጭታ አየሁ።